ካንሰር አይደለም፤ ግን ያስቸግራል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«አደገኛ አይደለም፣ ተወው» ተብለው የተመለሱ አንባቢያን ደብዳቤ በርክቶብናል። አምስቱን መርጠናል። ዳስሶ ያላየውን እብጠት በደብዳቤ ብቻ «ይህ ነው» የሚልን ሰው አትመኑ፤ እኛንም ጨምሮ። መልሶቹን ሐኪም ፊት ምን ይዞ፣ መቼና ወደ ማን መቅረብ እንደሚሻል ማሳያ አድርጋችሁ ውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 43። ጀርባዬ ላይ፣ ከቀኝ ትከሻ አጥንቴ ሥር፣ የግማሽ ሎሚ ያህል እብጠት አለብኝ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይመግላል። ጤና ጣቢያ ስሄድ ቀደው ያፈሱልኛል፣ መድኃኒት ያዙልኛል፣ ይሽራል። ከሻረ በኋላ «ከነሥሩ አውጡልኝ» ብዬ ስሄድ ግን «ካልነካኸው አይነካህም» ይሉኛል። የወንበሩ መደገፊያ ቀኑን ሙሉ እየነካው እኔ አለመንካቴ ምን ይጠቅማል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የገለጹት ነገር ኤፒደርሞይድ ሲስት የሚባለውን ይመስላል። ሰዉ «የስብ እጢ» ይለዋል፤ ውስጡ ግን ስብ የለም። ቤት ያለ ሰው በደንብ እንዲያይልዎት ያድርጉ። አናቱ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ? ቆዳውን በሁለት ጣት ሲያንሸራትቱት ነጥቡ ያለበት ቦታ ከእብጠቱ ጋር ተያይዞ ይቀራል? ሲፈስ የሚወጣው እንደ ዐይብ የረጋ፣ ነጭ፣ ሽታው የሚከብድ ነው? ሦስቱም ከተሟሉ ሲስት ለመሆኑ ያለው ጥርጣሬ ጠባብ ነው። ነጥብ የሌለው፣ ልስልስ፣ ሲጫኑት ከጣት ሥር እየተንሸራተተ የሚያመልጥ ከሆነ ግን ሊፖማ ሳይሆን አይቀርም። እውነተኛው የስብ እጢ እሱ ሲሆን እንዲህ ደጋግሞ የመመገል ጠባይ የለውም።

ሲስት ከረጢት ነው። የከረጢቱ ግድግዳ ራሱ ቆዳ ነው፤ ቆዳችን ወደ ውጭ የሚያራግፈውን ይሄኛው ወደ ውስጥ ያራግፋል። የሚጠራቀመው ኬራቲን፣ ፀጉርና ጥፍር የተሠሩበት ነገር ነው። ቀዶ ማፍሰስ የሞላውን ያጎድላል እንጂ መሙላቱን አያስቆምም፤ ግድግዳው እስካለ ድረስ ተመልሶ ይሞላል። የሚቀላውም ሁልጊዜ ጀርም ገብቶበት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግድግዳው በግፊት ውስጥ ለውስጥ ይቀደድና ኬራቲኑ ወደ ሥጋው ይፈሳል፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ይቆጣዋል። አንቲባዮቲክ ብቻውን ነገሩን የማይጨርሰው ለዚህ ነው። የወንበርዎ መደገፊያም የሚያደርገው ይህንኑ፣ ግድግዳውን እየተጫነ መቅደድ ነው።

ወደ ብስጭትዎ እንመለስ። ሁለቱም ጊዜ የተደረገልዎት ነገር ለየብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። በቀላበት ሰዓት ከነከረጢቱ ማውጣት ትክክል አይደለም፦ ግድግዳው ይልሞሰሞሳል፣ ሲጎትቱት ይበጣጠሳል፣ ድንበሩ አይለይም፤ የተቆጣ ሥጋ ውስጥ ማደንዘዣውም በደንብ አይሠራም። ስለዚህ አፍስሶ መላክ ደንብ ነው። ከሻረ በኋላ ደግሞ ሐኪሙ የሚያየው አንድ ትንሽ፣ ዝም ያለ እብጠት ነው። ከእርስዎ ፊት ሆዱን ይዞ የተጎነበሰ ሰው ተሰልፏል፤ ያለፈው ጊዜ ያፈሰሰልዎት ሌላ ባለሙያ ነው፤ ካርዱ ላይም «እባጭ፣ ፈሰሰ» ከማለት በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ሁለቱን ጉብኝት የሚያገናኝ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው፤ ማገናኘቱ ያለ አግባብ በታማሚው ላይ ወድቋል።

እንዲህ ያድርጉ። የሪፈር ወረቀቱን የሚጠይቁት በሻረበት ሳይሆን በታመመበት ቀን ነው። መግሉ እየታየ ሳለ «ይህ ከረጢቱ ካልወጣ ይመለሳል፤ ሲሽር እንዲወጣልኝ ለቀዶ ሕክምና ሪፈር ይጻፉልኝ» ይበሉ። ቁስሉ ከደረቀና መቅላቱ ከጠፋ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት ይበቃል። ቀጠሮ እንደየሆስፒታሉ ስለሚረዝም ወረቀቱን አስቀድሞ መያዝ ጊዜ ያተርፋል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ወረቀቱ ጊዜው እንዳያልፍበት ሲቀበሉ ይጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ተነሥቶ በደረጃው የሚሄደው ወረቀት ራሱ ዋናው ነገር ነው፤ ዘለው ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው ወደ ኪስዎ ይመጣል።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል ለውጥ ያመጣል። «የጀርባ እብጠት» ብቻ ከተጻፈ የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ከሰልፉ መጨረሻ ይመደባሉ። «ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያለው ሲስት፣ በዚህ ዓመት ሦስት ጊዜ የፈሰሰ» የሚል ከተጻፈ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ባፈሰሱልዎት ቁጥር ከክፍሉ ሳይወጡ ቀኑ፣ የእብጠቱ ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ የተሰጠዎት መድኃኒት ስምና የተወሰደበት ቀን ብዛት ካርዱ ላይ መግባቱን ይመልከቱ። በስልክም ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሡ፤ የቀላው ፎቶ በሻረበት ቀን ስለእርስዎ ይናገራል።

ሲናገሩም «ያስጠላኛል»፣ «ሐሳብ ሆኖብኛል» ብለው አይጀምሩ። እውነት ቢሆንም ሐኪሙ ይህን የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ «ለውበት ብሎ ነው» ብሎ ያልፈዋል። «መስከረም፣ ጥርና ግንቦት ፈሷል፤ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ፤ በየጊዜው ይህን ያህል ቀን ከሥራ ቀርቻለሁ፤ የወንበር መደገፊያ ያርፍበታል» ማለት ይበቃል።

ማን ያወጣዋል? ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም፣ በማደንዘዣ መርፌ፣ በጥቃቅን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ። አንዳንድ ቦታ የቆዳ ሐኪምም ይሠራዋል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ተመላልሰው ከሆነ የተመለሱት በር ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሊዶኬይኑ የሚወጋው በከረጢቱ ዙሪያ እንጂ ውስጡ አይደለም፤ ውስጡ ከገባ ይፈነዳል። ጥቁር ነጥቡን መሐል አድርጎ የዐይን ቅርጽ ያለው ቆዳ ይቆረጥና ከረጢቱ ሳይቀደድ እየተላቀቀ ይወጣል። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል?» የወጣው ፎርማሊን ውስጥ ተደርጎ ለፓቶሎጂ (ምንነቱን ለሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ) ይላክ፤ ውጤቱንም ራስዎ ተከታትለው ካርድዎ ውስጥ ያስገቡ። የጀርባ ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይፈታል። ቀድሞ ከተፈታና መሪ ማዞር ከጀመሩ ይተረተራል፤ ለዚህ ጊዜ ፈቃድ ወይም ተተኪ ሾፌር አስቀድመው ያዘጋጁ።

አስቀድመው የሚናገሩት ነገር አለ፦ ስኳር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት (በራስዎ እንዳያቋርጡት)፣ ለማደንዘዣ አለርጂ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኪሎይድ። ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ጀርባ ጠባሳ የሚያብጥባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እንደኛ ያለ ጥቁር ቆዳ ላይም ይበዛል። ከክትባት ወይም ከጆሮ መበሳት የተረፈ ያበጠ ጠባሳ ካለብዎት ያሳዩ። በዚህ ምክንያት «ባይነካ ይሻላል» ያለዎት ሐኪም ካለ ያኛው «ተወው» በቂ ምክንያት አለው፤ ሊያዳምጡት ይገባል።

መጭመቅ፣ በመርፌ መውጋት፣ መተኮስ፣ ቅጠል ወቅጦ ማሰር፤ ሁሉም ግድግዳውን ያፈነዱታል፣ ከዙሪያው ሥጋ ጋር ያጣብቁታል፤ በኋላ ለሚያወጣው ሰው ሥራውን እጥፍ ያደርጉበታል።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው፤ ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ትከሻዬ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሊፖማ አለኝ። ሰው ሳነሣና ቦርሳ ሳንጠለጥል ያመኛል። ጂፒዬ (ጠቅላላ ሐኪሜ) «ኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) ሊፖማ አያወጣም» አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የወጣ አገር አቀፍ መመሪያ አለ፤ አደገኛ ያልሆነን የቆዳ እብጠት ለመልክ ብቻ ማውጣትን አይፈቅድም። ነገር ግን መስፈርት ካሟላ ይፈቅዳል። መስፈርቶቹ ውስጥ ከእርስዎ ጋር የሚገናኙት እነዚህ ናቸው፦ ዘወትር የሚያም መሆኑ፤ ነርቭን ወይም ሌላ ሥጋን የሚጫን መሆኑ፤ እንቅስቃሴን፣ ለምሳሌ የመገጣጠሚያን፣ ማወኩ። ሌሎች አንባቢያንን የሚመለከቱም አሉ፦ በተራ የዕለት ውሎ የሚደማ፤ በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ አንቲባዮቲክ ያስፈለገው፤ የዐይን እይታን የሚጋርድ። ይህ የእንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው አሠራር አላቸው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ «እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ» ብለው አይግቡ። ጂፒ የሚሰጥዎት ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ ነው፤ ሌላ ጉዳይ አስቀድመው እብጠቱን በር ላይ ካነሡት አለቀ። ለእሱ ብቻ ቀጠሮ ይያዙ። ለሁለት ሳምንት በማስታወሻ ይመዝግቡ፦ መቼ አመመ፣ ምን ሲያደርጉ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት ነው፣ ምን የሕመም ማስታገሻ ወሰዱ፣ የትኛውን ሥራ ለባልደረባ ሰጡ። ከዚያ «የአደገኛ ያልሆኑ እብጠቶች መስፈርት ውስጥ ሕመምና የሥራ እክል አለ፤ የእኔን በዚያ መዝኑልኝ፤ ካልተቀበላችሁትም ምክንያቱን መዝገቤ ላይ ጻፉልኝ» ይበሉ። ይህቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች። እንግሊዝኛው የሚከብድ ከሆነ አስተርጓሚ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ ልጅ የእናቱን ሕመም አሳንሶ ነው የሚያወራው።

ሌላም ማወቅ ያለብዎት አለ። ሊፖማ በአብዛኛው አያምም። የሚያም ከሆነ ወይ ነርቭ አጠገብ ነው፣ ወይ የደም ሥር የበዛበት አንጂዮሊፖማ ነው፣ ወይ ደግሞ ሊፖማ አይደለም። ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ እያደገ ከሆነ፣ ወይም ጡንቻን አጥብቀው ሲይዙ የማይንቀሳቀስ ጥልቅ ከሆነ፣ ጉዳዩ የማውጣት አለማውጣት ሳይሆን የምርመራ ነው። እያደገ ላለ፣ ምንነቱ ላልታወቀ እብጠት በሁለት ሳምንት ውስጥ አልትራሳውንድ እንዲታይ የሚያሳስብ መመሪያ እዚያው አገር አለ። «እያደገ ነው?» ሲባሉ «እንጃ» አይበሉ፤ ዛሬ ይለኩት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው ቦታና በዚያው አቀማመጥ ደግመው ይለኩት።

መስፈርቱን አላሟሉም ከተባለ፣ በልዩ ሁኔታ ገንዘብ እንዲፈቀድ ጂፒዋ የምትልከው ማመልከቻ አለ፤ ግን የእርስዎ ሁኔታ ከሌሎች በምን እንደሚለይ ማሳየት ስለሚጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም። ተስፋ ሰጥተን ወራት እንዲባክንብዎት አንፈልግም። በግል ለማስወጣት ካሰቡ፣ ዋጋው የፓቶሎጂ ምርመራውንና ስፌት መፍታቱን ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይቀበሉ። ውበት ሳሎን ውስጥ «በሚያሟሟ መርፌ» እናጠፋለን ለሚሉ ግን አይሂዱ፤ ምን እንደነበረ ሳይመረመር ይቀራል።

ጥያቄ፦ የእናቴ አንገት ጎን ላይ እብጠት ከወጣ ሦስት ወር አልፏል። አያምም። የታየችበት ክሊኒክ ዳስሰው «ምንም አይደለም» አሉን። እናስወጣው ብንል እንቢ አሉ። ቤተሰቡ ተናዷል። (ከደሴ)

መልስ፦ እዚህ ላይ ቁጣችሁን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት። አለማውጣታቸው ልክ ነው፤ ያጠፉት ሳይመረምሩ «ምንም አይደለም» ማለታቸው ነው። የአንገት ጎን እብጠት ከሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በዳሰሳ ብቻ አይዘጋም።

በአገራችን የዚህ ዓይነት፣ ሳያም የሚቆይ ንፍፊት አንዱ ተደጋጋሚ ምክንያት የእጢ ቲቢ ነው። የሚድነው በመድኃኒት ነው፤ ሕክምናው በአብዛኛው ስድስት ወር ይወስዳል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል። «እባጭ ነው» ብሎ የቀደደው ሰው ካለ ግን ወራት የሚያዥ ቁስል ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ የሚጠይቁት «ይውጣ» ሳይሆን «በመርፌ ናሙና ይወሰድ» ነው። ኤፍኤንኤ ይሉታል። ደም ከሚቀዳበት መርፌ የማይወፍር መርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገባል፤ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ቲቢ ከተጠረጠረ ከዚያው ናሙና ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርም ለሚለይ ምርመራ) እንዲላክ ይጠይቁ፤ አንዴ ስላይድ ላይ ብቻ ከተቀባ ለዚያ የሚሆን አይተርፍም፤ ስለዚህ ከመርፌው በፊት ነው የሚነገረው።

እብጠቱ ከአንገት ፊት ለፊት ሆኖ ምራቅ ስትውጥ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የእንቅርት ዕጢ ነው፤ አልትራሳውንድና የሆርሞን ምርመራ ያስፈልገዋል። ጠንካራና ከሥሩ የተጣበቀ ከሆነ፣ ከትከሻ እስከ ጉሮሮ ሥር ከሚዘልቀው አጥንቷ በላይ ከሆነ፣ ድምጿ ከሻከረ፣ ከከሳች ወይም ሌሊት ልብስ የሚያስቀይር ላብ ካላት ቀጠሮ ሳትጠብቁ አንገትና ጉሮሮ ሐኪም ወይም ቀዶ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ጥያቄ፦ ሹሩባ ሠሪ ነኝ። የእጅ አንጓዬ ጀርባ ላይ ድቡልቡል ጠንካራ ነገር ወጥቷል፤ ጠዋት ያንሳል፣ ማታ ይተልቃል። ሐኪሙ «ራሱ ይጠፋል» አለኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጋንግሊዮን ይመስላል፤ ከመገጣጠሚያው የወጣ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከጎኑ ያስጠጉበት፤ ብርሃን አሳልፎ ቀላ ካለ ፈሳሽ ነው። ሐኪሙ አልዋሸዎትም፤ ግማሽ ያህሉ ሳይነካ ይጠፋል፣ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ሹሩባ የሚሠራ አንጓ ዕረፍት ስለማያገኝም እርስዎ ላይ መጠበቁ ይከብዳል። ሲሠሩ የሚያምዎት ወይም ጣትዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ይህንኑ ይንገሩት፤ በወፍራም መርፌ መምጠጥ ይቻላል። ከተመጠጠው ግማሽ የሚሆነው ግን ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ ከረጢቱ ብቻ ሳይሆን ከመገጣጠሚያው የሚያያይዘው ግንድ አብሮ መውጣት አለበት፤ ያለዚያ ይመለሳል። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሹሩባ እንደማይሠሩ አውቀው ቀኑን ከሠርግና ከበዓል ወቅት ያርቁት። አንዳንድ ሰው እንደሚመክረው በከባድ ነገር መትቶ ማፍረጥ አጥንት ሊሰብር ይችላል። እብጠቱ የደም ምት በሚዳሰስበት በመዳፍ በኩል ከሆነ ደግሞ ማንም በመርፌ እንዲነካው አይፍቀዱ፤ ከሥሩ የደም ቧንቧ አለ፤ በእጅ ቀዶ ሐኪም ይታይ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ። ሐኪሜ ደጋግሞ የሚመግለውን የጀርባ ሲስት ላውጣው ብሎ ኢንሹራንሴ «ለውበት ነው» ብሎ ከለከለ። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አይቁረጡ። የእምቢታው ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት አብዛኛውን ጊዜ 180 ቀን አለዎት፤ ሕክምናው ገና ያልተሰጠ ከሆነ ኢንሹራንሱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መጀመሪያ ደውለው የከለከሉበትን የመመዘኛ ጽሑፍ ይጠይቁ፤ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ቢሮ ይሂዱና የተላከው ማመልከቻ ምን እንደሚል ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው፦ ሲስት የሚል ብቻ ተልኮ፣ መቅላቱ፣ መግሉና የወሰዱት አንቲባዮቲክ ሳይጠቀስ ይቀራል። ሐኪሙ የፈሰሰበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና ፎቶ አያይዞ ደብዳቤ እንዲጽፍ፣ ወይም ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር ይጠይቁት። ይግባኙም ከተከለከለ በአራት ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ ባለ ገለልተኛ አካል እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ የወጣው የሚላክበት የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ኢንሹራንስዎ የሚቀበለው መሆኑን ከቀጠሮው በፊት ያረጋግጡ፤ ሂሳቡ የሚመጣው ለብቻው ነው።